በመርህ ደረጃ ሙዚየም እንሄዳለን

አንድን ቤተሰብ የልጆች ሙዚየም ማስጎብኘት እንደ ዋዛ የሚታይ ጉዳይ አይደለም። ተራ ሰው የልጁን እጅ ይዞ አውቶቡስ ይሳፈራል፣ ይገባል፣ አይቶ ይመለሳል። እንዲህ ያለው ሰው ዝም ብሎ ሄደ እንጂ ጎበኘ አይባልም። ጉብኝት በሙሉ ክብሩ እንዴት እንደሚታቀድ ማወቅ የሚሻ ሁሉ በአንድ መሥሪያ ቤት የዕቅድ ክፍል ኃላፊ የሆኑትን፣ ባልደረቦቻቸው ከጀርባቸው «አቶ በመርህ ደረጃ» የሚሏቸውን ታላቅ ሰው ማወቅ ይገባዋል።

ስሙ የወጣላቸው በከንቱ አይደለም። እኚህ ሰው በሥራ ዘመናቸው ማንንም «አይሆንም» ብለው አስቀይመው አያውቁም። ባለጉዳይ ሲመጣ ፈገግ ይላሉ፣ ወንበር ይስቡለታል፣ ያዳምጡታል፤ ከዚያም «በመርህ ደረጃ ተስማምተናል» ይላሉ። ባለጉዳዩ እየመረቃቸው ይወጣል። ነገሩ የሚገባው ተመላልሶ ተመላልሶ ጫማው ሲያልቅ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ እሳቸው ስብሰባ ላይ ናቸው።

ጉዳዩ የተጀመረው የስድስት ዓመት ልጃቸው ከትምህርት ቤት ትልቅ ወሬ ይዛ የመጣች ዕለት ነው። መሀል ከተማ የልጆች ሙዚየም ተከፍቷል፤ ውስጡ ትልቅ የውሃ መንኮራኩር አለ፤ በእጅ ሲያዞሩት ውሃው ሽቅብ ይወጣል። አጠገቧ የምትቀመጠው ልጅ አዙራው እስከ ብብቷ በስብሳለች።

«አባዬ፣ ውሃው እኮ ወደ ላይ ነው የሚሄደው! እኔም ላዙረው፤ እንሂድ!»

አቶ በመርህ ደረጃ ጋዜጣቸውን አጠፉ፣ ጉሮሯቸውንም ጠረጉ። «በመርህ ደረጃ ተስማምቻለሁ» አሉ።

ልጅት እየዘለለች ጫማዋን ልታጠልቅ ሮጠች። እናቷ ልብስ ሰፊ ናት፤ በከንፈሯ የያዘቻቸውን ስፒሎች አውጥታ ተናገረች።

«የኔ እመቤት፣ ጫማሽን አውልቂ።»

«አባዬ እሺ አለ እኮ!»

«እሺ ብሎ ቢሆን እኔም ጫማዬን አደርግ ነበር።»

ይህ አፍራሽ አስተያየት የአቶ በመርህ ደረጃን ወኔ አልሰበረውም። ማታውኑ ሶፋው ላይ የጉብኝት አስተባባሪ ዐቢይ ኮሚቴ ተቋቋመ። ሰብሳቢው እሳቸው ሆኑ። ባለቤታቸው የደንበኛ ቀሚስ የምታስረክብበት ቀን ደርሶባት ስለነበር በሌለችበት ጸሐፊ ሆና ተመረጠች። አብረዋቸው የሚኖሩት አማታቸው ድምፅ የሌላቸው አባል ተባሉ፤ እርግጥ በዚያ ቤት ከሳቸው የሚበልጥ ድምፅ ያለው ሰው የለም። ልጅት ባለድርሻ አካል ሆና ወደ መኝታዋ ተላከች።

ከዚያ በኋላ ዝናቡ ገባ። ኮሚቴው ዝናብ ያረጥባል የሚል ጥናት አቅርቦ ጉብኝቱን አራዘመ። ባለድርሻ አካሏ እሷ የምትሄደው መርጠብ ፈልጋ እንደሆነ ብታመለክትም ሐሳቧ በአድናቆት ተሰምቶ ታለፈ። ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ሲወጣ ደግሞ ፀሐይ ራስ ምታት ያመጣል ተባለ። እንዲህ ያለ ጥንቃቄ በሌላ ቤት አይገኝም።

አየሩ አልከፋ ሲል ወደ ቅድመ ጉብኝት የአቅም ግንባታ ሥልጠና ተገባ። አቶ በመርህ ደረጃ ሙዚየም ማለት ምን እንደሆነ ጠንቅቀው ያውቃሉ፤ ሙዚየም ማለት የማይነካ ነገር ያለበት ቤት ነው። ሳሎኑ ወደ ሙዚየምነት ተሸጋገረ። ቴሌቪዥኑ፣ የብርጭቆ መደርደሪያውና ወንበሮቹ ነጭ ጨርቅ ለብሰው ቅርስ ሆኑ።

«እጅ ወደ ኋላ! ዓይን ወደ ፊት! እናያለን እንጂ...»

«አንነካም!» አለች ልጅት።

አማትየዋ በዚህ መሀል መጥተው አንዱ ወንበር ላይ ዘፍ አሉ።

«እማማ፣ ቅርሱ ላይ ተቀምጠዋል» አሉ አቶ በመርህ ደረጃ።

«የምን ቅርስ ነው? ወንበሬ ነው። ወገቤን አሞኛል።»

«ለጊዜው ቅርስ ነው።»

«እንግዲያው እኔም ቅርስ ነኝ፤ ማን እንደሚነካኝ አያለሁ» አሉና እግራቸውን ዘረጉ። በሥነ ሥርዓት ጉድለት ከሥልጠናው ተሰናበቱ።

ልጅት ግን ወርቅ ተማሪ ሆና ተገኘች። ብዙም ሳይቆይ የራሷን ኩባያ እንኳ ከማንሳቷ በፊት «መንካት ይቻላል?» ማለት ጀመረች። አባት በኩራት ደረታቸው ተነፋ። እናት ግን አንድ ቀን ማለዳ መቀሷን አስቀመጠችና እንዲህ አለች።

«ዛሬ እኔና እማማ ልጅቷን ይዘን ሙዚየም እንሄዳለን። አንተ በመርህ ደረጃ ትከተለናለህ።»

በዚህ መልኩ ጉብኝቱ በዕቅዱ መሠረት ተከናወነ።

የሙዚየሙ በር ላይ ባለቀለም ጽሑፍ ተሰቅሏል፦ «እባክዎ ይንኩ!» አቶ በመርህ ደረጃ አነበቡ፣ መነጽራቸውን ጠርገው ደግመው አነበቡ፤ ከዚያ በር ላይ የቆመችውን አስተናጋጅ ጠጋ አሏት።

«እህቴ፣ ከፊት ያለችው ‹አ› ወድቃባችኋለች። ‹አይንኩ› ለማለት ነው መቼም።»

«ምንም አልወደቀም ጋሼ። እዚህ የማይነካ ነገር የለም።»

አንገታቸውን ነቀነቁ፤ ወደ ልጃቸው ጆሮም ዝቅ አሉ። «ፈተና ነው። ሥልጠናውን አስታውሺ።»

መንኮራኩሩ ልክ እንደተወራለት ነበር። ልጆች እየተንጫጩ ያዞሩታል፣ ውሃው እየተንኳለለ ይወጣል፣ ከላይ ተመልሶ ራሳቸው ላይ ይፈስሳል። አማትየዋ እጅጌያቸውን ሰብስበው ከልጆቹ መሀል ገቡና አንዴ ሲያሽከረክሩት ሻሻቸው ሳይቀር ራሰ፤ እንደ ልጅ ሳቁ። ልጅት ግን እጇን ወደ ኋላ አጣምራ ቆመች። ሌሎች ወላጆች ዞር ብለው አዩዋት። የአቶ በመርህ ደረጃ ልብ ጮቤ ረገጠ፤ ከዚያ ሁሉ ወላጅ መሀል ያሠለጠነ እሳቸው ብቻ ናቸው።

«ከኋላ ሆነህ እጇን እየው» አለች ባለቤታቸው በሹክሹክታ።

አዩ። ጣቶቿ እንዳያመልጡ እርስ በርስ አጥብቀው ተያይዘዋል። አቶ በመርህ ደረጃ ወደ ልጃቸው ጎንበስ አሉ።

«ንኪው እሺ፣ የኔ ልጅ» አሉ።

«ፈተና ነው» አለችና ወደሚቀጥለው ክፍል ሄደች።

የሚቀጥለው ክፍል ልጆች ትልቅ ሰው መስለው የሚጫወቱበት ነው። ጥግ ላይ ትንሽ ቢሮ አለ፤ ጠረጴዛ፣ ማኅተም፣ ሽቦ የሌለው ስልክ። ልጅት ወንበሩ ላይ ወጥታ ተቀመጠች። ወዲያው የባለጉዳይ ሰልፍ ተሠራ፤ አንዱ ዶሮ መግዛት፣ ሌላው አውሮፕላን መንዳት ይፈልጋል። ሁሉንም በፈገግታ አስተናገደቻቸው፤ አንዳቸውም ግን ዶሮም አውሮፕላንም አላገኙም።

ሙዚየሙ ሊዘጋ ሲል የመጀመሪያው ደወል ተደወለ። አቶ በመርህ ደረጃ ሰልፉን ጥሰው ሊያልፉ ቢሞክሩ ሕፃናቱ በአንድ ድምፅ ስለጮኹባቸው ተሰልፈው ደረሱ።

«ልጄ፣ ሊዘጋ ነው። ነይ መንኮራኩሩን አንዴ አዙሪው። ፈተና አይደለም፤ እኔው ነኝ የተሳሳትኩት።»

ልጅት ቀና ብላ አየቻቸው። ፈገግ አለች፤ አጠገቧ ያለችውን ሚጢጢ ወንበርም ሳበችላቸው።

«ይቀመጡ።»

ተቀመጡ፤ ጉልበታቸውና አገጫቸው ተገናኙ።

«ጥያቄዎ ጥሩ ነው» አለች።

«እንሂዳ ታዲያ!»

«በመርህ ደረጃ ተስማምተናል።»

ሁለተኛው ደወል ተደወለ። በወዲያኛው ክፍል መንኮራኩሩ እየቀዘቀዘ፣ እየቀዘቀዘ መጥቶ ቆመ።

«እባክሽ፣ የኔ ልጅ!» አሉ፤ ድምፃቸው ተሰባበረ።

«ነገ ይመለሱ» አለችና ሽቦ የሌለውን ስልክ አንስታ ጆሮዋ ላይ ደገነች። «አሁን ስብሰባ ላይ ነኝ።»

ከኋላቸው አውሮፕላን ፈላጊው ኮታቸውን ጎተተ። «ጋሼ፣ ጨርሰዋል እኮ። ተራው የኔ ነው።»

አቶ በመርህ ደረጃ ከሚጢጢዋ ወንበር በመከራ ተነሡ፤ እጃቸውንም ወደ ኋላ አጣምረው ወጡ።