ዲያቆን ኦዴል በዓይኑ ያየው በረዶ

[አትላንታ። የጥር ቅዳሜ ረፋድ። ውጪ ሰዉ እጅጌ ጉርድ ሸሚዝ ለብሶ ይንሸራሸራል። ሱፐርማርኬት ውስጥ፣ ዳቦ መደርደሪያው ፊት፣ ሁለት ጡረተኞች አንድ ጋሪ ይዘው ይጓተታሉ። ዲያቆን ኦዴል ካፖርት ደርቦ፣ ሻርፕ ጠምጥሞ፣ የሱፍ ቆብ ደፍቶ በላብ ተጠምቋል። የዱሮ ጓደኛው ሎንዞ አንድ ጥንድ ወፍራም ካልሲ በእጁ ይዟል።]

ኦዴል፦ ካልሲውን መልስና ዳቦ አንሳ ብዬሃለሁ!

ሎንዞ፦ ዘጠኝ ዳቦ ይዘሃል እኮ።

ኦዴል፦ አስር አድርገው።

ሎንዞ፦ የምትኖረው ብቻህን ነው።

ኦዴል፦ በረዶ መጣ ማለት ዳቦና ወተት ማለት ነው። እናቴ እንዲህ ነበር የምታደርገው። የእናቴም እናት እንዲሁ። እዚሁ ከተማ ተወልደህ አርጅተህ ይሄን አታውቅም?

ሎንዞ፦ እሱንስ አውቃለሁ። ግን አንተ ወተት ስትጠጣ ሆድህ ይነፋል።

ኦዴል፦ እጠጣዋለሁ አልኩ?

ሎንዞ፦ ታዲያ ይሄ ሁሉ ወተት ለማን ነው?

ኦዴል፦ ለበረዶው ነዋ!

ሎንዞ፦ በረዶው ወተት ይጠጣል?

ኦዴል፦ [ጣራ ጣራውን እያየ] ጌታ ሆይ፣ ትዕግሥቱን ስጠኝ! ስማ፣ በረዶ መጥቶ ቤትህ ወተት ከሌለ ጎረቤት ምን ይልሃል?

ሎንዞ፦ ጎረቤትህም ወተት አይጠጣም።

ኦዴል፦ ሁለት ጠርሙስ ገዝቶ ሄዷል! አሁን አግኝቼው ነው የመጣሁት።

ሎንዞ፦ ማን ነገረው?

ኦዴል፦ እኔ።

ሎንዞ፦ [ራሱን እየነቀነቀ] ኦዴል፣ ጠዋት የደወልኩልህ እኮ...

ኦዴል፦ ደወልክ፣ ሰማሁ፣ ዘጋሁ። «መሃል ከተማ ላይ እስከ ጉልበቴ የሚደርስ በረዶ አየሁ» አላልክም?

ሎንዞ፦ ብያለሁ። ግን አልጨረስኩም ነበር።

ኦዴል፦ ጉልበት ከደረሰ ወዲያ ምን ይጨረሳል? አንገት ነው የቀረው?

ሎንዞ፦ ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ ነው። ከመነሻው ልንገርህ። ጠዋት ተነሳሁ። ቁርሴን በላሁ። ሁለት እንቁላል ነበር፤ አንደኛው ትንሽ አሮብኝ...

ኦዴል፦ ሎንዞ!

ሎንዞ፦ ከዚያ ጫማዬን ፈለግኩ። ቀኙ አለ። ግራው የለም።

ኦዴል፦ አይ አንተ! አንተ ወሬህን ይዘህ በረዶው ጋ እስክትደርስ በረዶው ቀልጦ የኮክ ዛፍ ያብባል። ዳቦ አንሳ!

ሎንዞ፦ የዛሬው ሽርሽርስ?

ኦዴል፦ የምን ሽርሽር? ቀርቷል!

ሎንዞ፦ እንዴት ይቀራል? የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች ከገና ጀምሮ ሲጠብቁት! ሃያ ሁለት ሰው! አስር ሰዓት ላይ በአውቶቡስ ሄደን በረዶ ሜዳው ላይ ልንንሸራተት፣ ከዚያ በመብራት ያጌጠውን የአትክልት ስፍራ ልናይ፣ ከዚያ ትኩስ ቸኮሌት ልንጠጣ...

ኦዴል፦ የሽርሽሩ ሰብሳቢ ማነው?

ሎንዞ፦ አንተ።

ኦዴል፦ በቃ፤ ሰብሳቢው በትኖታል።

ሎንዞ፦ መቀመጫ የደለደልከውም አንተ ነህ። እህት ሉቪኒያን አጠገብህ፣ እኔን ደግሞ መጨረሻ ወንበር ላይ ከሚያንኮራፋው ከወንድም ሆሴዕ ጋር።

ኦዴል፦ ያ ዕጣ ነው።

ሎንዞ፦ ዕጣውን ያወጣው ማነው?

ኦዴል፦ ጌታ፤ በእኔ እጅ። እንግዲህ ከተነሳ ልንገርህ። ሉቪኒያ ባሏ ከሞተ ሦስት ዓመቷ ነው። እኔም ሚስቴን የቀበርኩ፣ አንተም የቀበርክ፤ በዚህ እኩል ነን። ግን እንደ ሉቪኒያ ያለች ሴት አገር ያየ ሰው ነው የሚያስፈልጋት። እኔ ሰሜን፣ በረዶ አገር፣ ክሊቭላንድ የኖርኩ ሰው ነኝ።

ሎንዞ፦ አስራ አንድ ቀን።

ኦዴል፦ አስራ ሁለት! አውሮፕላኑ ዘግይቶ ነበር።

ሎንዞ፦ ለዚህ ነው «በረዶ ላይ ወደ ኋላ ሁሉ እንሸራተታለሁ» ብለህ የነገርካት?

ኦዴል፦ ብነግራትስ?

ሎንዞ፦ ትችላለህ?

ኦዴል፦ [ግራ ቀኝ አይቶ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል] ጉልበቴን አታውቀውም? ደረጃ ስወጣ እንደ አሮጌ በር ነው የሚጮኸው።

ሎንዞ፦ አሃ! በረዶ መጣ ሲባል ፊትህ የፈካው ለዚህ ነዋ። ሉቪኒያ ፊት በቂጥህ ከመውደቅ ሊያድንህ ነው የመጣው።

ኦዴል፦ ጌታ ባሪያውን የሚያድንበት መንገድ ብዙ ነው። ዝም በል፣ ፓስተሩ ጋ ልደውል ነው። [ይደውላል] ሃሎ፣ ፓስተር! ኦዴል ነኝ... አዎ፣ ሽርሽሩ መቅረት አለበት... በረዶ ነዋ!... መሃል ከተማ ላይ። እስከ ጉልበት... ኧረ እስከ ወገብ ይበሉት... ማን አየው?

[ሎንዞን በጎን ገልመጥ ያደርገዋል።]

ኦዴል፦ እኔ ነኛ! በዓይኔ በብረቱ አየሁት!... አሜን። እሺ፣ በስልክ ሰንሰለቱ ይነገር። እያንዳንዱ ለሚቀጥለው ይደውል። [ይዘጋል]

ሎንዞ፦ ያየሁት እኮ እኔ ነኝ።

ኦዴል፦ አንተ አየኸው፤ የገባው ግን ለእኔ ነው።

ሎንዞ፦ የነበርኩት እኮ እዚያ ትልቁ ማሽን ጋ ነው። ሰውየው ላዩ ላይ ተቀምጦ ቀስ እያለ እየዞረ...

ኦዴል፦ [ጋሪውን ይለቃል] ማሽን? ማሽን ወጥቷል?

ሎንዞ፦ አዎ፤ በረዶውን እየፋቀ...

ኦዴል፦ አለቀልን! ይሄ ከተማ በረዶ መጥረጊያ ማሽን የሚያወጣው ሲጨንቀው ነው! ያኔ ሁለት ጣት በረዶ ወርዶ አውራ ጎዳናው ላይ መኪናዬ ውስጥ ያደርኩ ጊዜ እንኳ አንድም ማሽን አላየሁም።

ሎንዞ፦ ያኔ ቤትህ ለመድረስ እኮ የአምስት ደቂቃ መንገድ ነበር የቀረህ። በእግርህ አትሄድም ነበር?

ኦዴል፦ መኪናዬን ለማን ጥዬ? ለበረዶው?

ሎንዞ፦ የዛሬው ማሽን ግን የመንገድ አይደለም። አጠገቡ ልጆች ነበሩ፤ ፍርፋሪውን እያድበለበሉ ይወራወሩ ነበር።

ኦዴል፦ ይኸው! ትምህርት ቤት ሁሉ ተዘግቷል!

ሎንዞ፦ ቅዳሜ ነው።

ኦዴል፦ ቅዳሜም ተዘግቷል!

[ይሄን ያለው ጮክ ብሎ ነው። የሰማች አንዲት ሴትዮ የያዘችውን ቲማቲም ጥላ ስምንት ዳቦ ታቅፋ ትሮጣለች። እሷን ያየ አንድ ሰውዬ ይከተላታል። እሱን ያዩ አራት ሰዎች ይከተሉታል። መደርደሪያው ባዶ ይቀራል።]

ኦዴል፦ አየህ? ምንም ነገር ባይኖር ሰው እንዲህ ይጋፋ ነበር?

ሎንዞ፦ ከአንተ ሰምተው ነው።

ኦዴል፦ ከእኔ ሰምተውም ይሁን፣ አሁን ሁላችንም አወቅን። አንተ ብቻ ነህ የቀረኸው።

ሎንዞ፦ ውጪ እኮ ሰው በቁምጣ ነው የሚሄደው፣ ኦዴል።

ኦዴል፦ በረዶ ሊመጣ ሲል ቀድሞ ይሞቃል። ክሊቭላንድ ብትኖር ታውቀው ነበር። [ይደውላል] ሃሎ፣ ሹፌር! አውቶቡሱ ቀርቷል። ለሚቀጥለው ቅዳሜ አዛውረው... ለምን? መስኮት ከፍተህ እይ!... ምን? ፀሐይ?... እሷን እያየሃት አትዘናጋ! [ይዘጋል]

ሎንዞ፦ ሁሉንም ሰረዝክ ማለት ነው? ከእኔ ጀምሮ?

ኦዴል፦ አንተንማ በመጀመሪያ።

ሎንዞ፦ ሉቪኒያንስ?

ኦዴል፦ ለእሷ ሌላ ሰው አይደውልላትም። ለእሷ የምደውለው ራሴ ነኝ። [ሻርፑን አስተካክሎ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ ይደውላል] እህት ሉቪኒያ! ኦዴል ነኝ። እንዴት አደርሽ?... እኔማ ምን እሆናለሁ፣ ስለ አንቺ ነው የተጨነቅኩት። ዛሬ ከቤት እንዳትወጪ፤ በረዶ ጥሏል... ምን ያስቅሻል?... በረንዳ ላይ? በባዶ እግርሽ? ይሄ አታላይ ሙቀት ነው!... ዲትሮይት ተወልደሽ እንዳደግሽ አውቃለሁ፤ ግን የሰሜን በረዶ ሲመጣ ይታያል። የእኛ የደቡቡ ተንኮለኛ ነው... በዓይኔ በብረቱ ነዋ!... መሃል ከተማ... ስንት ሰዓት ላይ?

[ስልኩን በመዳፉ ይሸፍናል።]

ኦዴል፦ ስንት ሰዓት ነበር?

ሎንዞ፦ ሁለት ሰዓት ተኩል።

ኦዴል፦ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ!... ሌላ ሰው? የምን ሌላ ሰው? ጭር ብሎ ነበር። ከእኔ በቀር አንድም ነፍስ አልነበረም።

[ሎንዞ ሳል ያጣድፈዋል። ካልሲውን አፉ ላይ ይይዛል።]

ኦዴል፦ ሃሎ?... ሃሎ?... ዘጋችው። እየሳቀች ነው የዘጋችው።

ሎንዞ፦ ምን ብላ?

ኦዴል፦ «አንተ ደግሞ!» ብላ። ሰማህ? «አንተ ደግሞ» የሚባለው ልብ ለስለስ ሲል ነው። አሳዘንኳት፤ ለእሷ ብዬ በረዶ ውስጥ መግባቴ ልቧን ነካው። [በእፎይታ ሻርፑን ይፈታል] በል፣ አሁን ሥራዬን ጨርሻለሁ። ወሬህን ልስማህ። ከእንቁላሉ ቀጥል።

ሎንዞ፦ እንቁላሉ አልቋል። ግራ ጫማዬን አልጋ ሥር አገኘሁት። ከዚያ ዛሬ ሰው ፊት እንዳልዋረድ ልለማመድ ብዬ ወደ በረዶ ሜዳው ሄድኩ።

ኦዴል፦ የትኛው በረዶ ሜዳ?

ሎንዞ፦ ዛሬ አውቶቡሱ ሊወስደን የነበረው፤ መሃል ከተማ ያለው፣ ውሃ በመሣሪያ አቀዝቅዘው የሠሩት። እዚያ ሰው ሲንሸራተትበት በረዶው ይቧጨራል። ስለዚህ ያ ማሽን ይዞርና ላይ ላዩን ይልገዋል፤ እንደ መስታወት ያደርገዋል። ፍቅፋቂውን ደግሞ ወስዶ ከሜዳው ጀርባ ይደፋዋል። ዛሬ የደፋው እስከ ጉልበቴ ደርሶ ነበር።

[ኦዴል ዳቦዎቹን አንድ በአንድ ያያል። ብዙ ስለሆኑ ጊዜ ይወስዳል።]

ኦዴል፦ ከሰማይ... የወረደ አይደለም?

ሎንዞ፦ ሰማይን ማን አነሳ? እኔ አየሁ ነው ያልኩት። ከሰማይ ያወረድከው አንተ ነህ።

ኦዴል፦ አንጀቴን አቃጠልከው! ለምን አልነገርከኝም?

ሎንዞ፦ በስልክ ልነግርህ ስል ዘጋህብኝ። እዚህ ልነግርህ ስል ዳቦ አንሳ አልከኝ። ማሽን ስል ትምህርት ቤት ዘጋህ። «በዓይኔ በብረቱ» ካልክ በኋላ ግን እውነቱን ልንገርህ፣ ተውኩት። የዓይን ምስክር ቆሞ እኔ ማነኝ?

ኦዴል፦ ጉድ ሆንኩ! ምን ይሻላል?

ሎንዞ፦ ደውልና «አልነበርኩም፣ አላየሁም» በላቸው።

ኦዴል፦ ዲያቆኑ ዋሸ ሊባል? ነገ መዘምራኑ ፊት በየት በኩል ልለፍ?

ሎንዞ፦ አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል።

ኦዴል፦ [የሱፍ ቆቡን አውልቆ የመለጠ ራሱን ይጠርጋል፤ ትዝ ሲለው መልሶ ይደፋዋል] ቆይ፣ ቆይ። ይሄን ነገር የሚያውቅ ማነው? አንተ ብቻ ነህ። አንተ አፍህን ከያዝክ በረዶው ወርዶ ቀለጠ እንላለን፤ አለቀ። እዚህ አገር በረዶ መቼ ግማሽ ቀን ቆይቶ ያውቃል? በል ማልልኝ!

ሎንዞ፦ እኔ ልማልልህ። ግን ሌላም ሰው ያውቃል።

ኦዴል፦ ማነው? አሁኑኑ እደውልለታለሁ!

ሎንዞ፦ እንዳልወድቅ እጄን ይዛኝ የነበረችው።

ኦዴል፦ የያዘችህ? አስተማሪ ቀጥረህ ነው?

ሎንዞ፦ አልቀጠርኩም። ሁለት ሳምንት ሙሉ በየጠዋቱ በነፃ ነው የምታስተምረኝ። መጀመሪያ አንድ እጄን ነበር የምትይዘው፤ ከሰኞ ወዲህ ሁለቱንም ነው። እውነቴን ነው የምልህ ኦዴል፣ ሚስቴ ከሞተች ወዲህ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ዛሬ አውቶቡስ ውስጥ አጠገቧ ተቀምጬ ልጠይቃት አስቤ ነበር፤ አንተ ከሆሴዕ ጋር አስቀመጥከኝ። አሁን አውቶቡሱ ከቀረ፣ በእኔ መኪና ሁለታችን እንሄዳለን። መቀመጫውም ሁለት ብቻ ነው፤ ዕጣ አያስፈልገውም።

ኦዴል፦ [ጋሪውን ተደግፎ] ማናት... ልጅቷ... ከየት ነው በረዶ ላይ መንሸራተት የተማረችው?

ሎንዞ፦ ከዲትሮይት።

[የሎንዞ ስልክ ይጮኻል። ሎንዞ ያነሳል፤ ፊቱ እንደ ጎረምሳ ይቀላል።]

ሎንዞ፦ ወዬ፣ ሉቪኒያ... ካልሲውን ይዤልሻለሁ... አዎ፣ እዚሁ አጠገቤ ቆሟል... ኧረ ተይ!... እሺ፣ እሺ፣ እጠይቀዋለሁ። [ስልኩን ደረቱ ላይ አድርጎ] ኦዴል፣ ሉቪኒያ አንድ ነገር ጠይቅልኝ ትላለች።

ኦዴል፦ ም... ምን?

ሎንዞ፦ «ወንድም ኦዴል ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ እዚያ ቆሞ በዓይኑ በብረቱ ካየ፣ የበረዶው ክምር ላይ ተያይዘን ስንወድቅ ከሁለታችን ከላይ የነበረው ማነው?» ትላለች።