ወይዘሮ ልልቀቅ

ሥራ ባለበት ሁሉ ነገ ሥራውን የሚለቅ አንድ ሰው አለ። ሆቴል ይሁን ፀጉር ቤት፣ ጥበቃ ይሁን ጽዳት፣ ይህ ሰው አይጠፋም። ለእኛ ምግብ ቤት ደግሞ የዓይነቱ ቁንጮ ደርሶናል፤ አብራኝ የምታስተናግደው ክብርት ወይዘሮ ልልቀቅ። ስሙን ያወጣንላት እኛ ነን። ሰምታ፣ "ሲያንሰኝ ነው" ብላለች።

"ነገ አታገኙኝም!" ትላለች፣ ትሪዋን ጧ አድርጋ እያስቀመጠች። በማግስቱ ከሁላችን ቀድማ ጠረጴዛ ስትወለውል እናገኛታለን። አንድ ጊዜማ እንደ ሞኝ አምነናት፣ ሻርፕ ገዝተን፣ ተላቅሰን ሸኘናት። ጠዋት ሻርፑን ጣል አድርጋ መጣች። "ከሽርጡ ጋር ይሄዳል አይደል?" አለች፣ ዓይኗን በጨው አጥባ።

እውነቱን ለመናገር ምክንያት አታጣም። ባለቤቱ፣ ጋሼ የምንላቸው፣ የምሳ ዕረፍታችንን ሲቆርጡም እሑድ ሲያስገቡንም ቃላቸው አንድ ነው፤ "እኛ እኮ ቤተሰብ ነን።"

"ከሆንንማ ውርሱ ላይም ይጥሩን፣ ጋሼ" ትላቸዋለች። ጋሼ መነጽራቸውን ይጠርጋሉ።

የቤቱ ዋና ሕግ አለመቀመጥ ነው። ደንበኛ የተቀመጠ ሠራተኛ ሲያይ ምግብ አይዋጥለትም ባይ ናቸው። ስለዚህ ወንበር የደንበኛና የጋሼ ብቻ ነው፤ እኛ ምሳችንንም የምንጎርሰው እንደ ፈረስ ቆመን ነው።

ባለፈው ሳምንት ሳህን አጣቢያችን፣ ወሯ የገባ እርጉዝ ናት፣ እግሯ አብጦ ጫማ እምቢ ሲላት፣ "ጋሼ፣ ቁጭ ብዬ ልጠብ?" አለች።

"መቀመጥ ያማረው ቤቱ ይቀመጥ! በሩ ላይ ስንት ሥራ ፈላጊ አለ" አሏት። ከዚህ ሥራ ሌላ መተዳደሪያ የላትምና ወደ ሳህኗ ዞረች።

ወዲያው ጋሼ አንድ የተከበሩ ደንበኛ ሊቀበሉ ብድግ ሲሉ፣ ወይዘሮ ልልቀቅ ባለ ትራሱን ወንበራቸውን ተሸክማ፣ "አሳልፉኝ! አሳልፉኝ!" እያለች በምሳ ተመጋቢው መሀል ሰንጥቃ ኩሽና አስገባችውና አጣቢዋን አስቀመጠችበት። ጋሼ ተመልሰው ሳያዩ ሊቀመጡ ሲሉ ያተረፋቸው ባንኮኒው ነው። ተከትለዋት ገቡ።

"አንቺ! ውጪልኝ! ነገ እንዳላይሽ!"

ያን ሁሉ ዓመት የዛተችበት ስንብት በራሱ እግር መጣላት።

"አልለቅም!" አለች። "እሷም አትነሳም።"

ምግብ አብሳዩ ጭልፋውን አስቀመጠ። እኔም ሽርጤን ፈታሁ። ውጭ ደንበኛው በጭብጨባ ይጣራል። ጋሼ ወደ አዳራሹ አዩ፣ ወደ እኛ አዩ። "በሉ፣ ሳህኑ ቶሎ ይታጠብ" ብለው ወጡ። አጣቢዋ ተቀምጣ አጠበች፤ እንባዋ አረፋው ላይ ይንጠባጠብ ነበር።

ወደ ቤት ስንሄድ፣ "እትዬ፣ ስትመኚው ኖረሽ ሲሰጥሽ ለምን እምቢ አልሽ?" አልኳት።

"አንተ ደግሞ! እናንተን ለማን ጥዬ?"

እወዳታለሁ፣ ምን ይደረግ! እኔ ሌላ ምግብ ቤት ሥራ አግኝቼ፣ ለማንም ሳልተነፍስ፣ ሰኞ ልለቅ ነበር። የዚያኑ ዕለት ለአዲሶቹ አሠሪዎች ደውዬ "ይቅርብኝ" አልኳቸው።