የአሜሪካው ከንቲባና የእኔ ሽማግሌዎች

የንፋስ መውጫን ከንቲባ ስም ብትጠይቁኝ ትንሽ አስቤ ነው የምነግራችሁ። የአንድ ትልቅ የአሜሪካ ከተማ ከንቲባ የማን ፓርቲ እንደሆነ፣ ስለ ጠመንጃ ምን እንደሚል ግን ከእንቅልፌ ቀስቅሳችሁ ብትጠይቁኝ እንደ ዳዊት እደግመዋለሁ። አንተን ምን አገባህ አትሉኝም? ኧረ እኔስ ያገባሁት በሱ ነው!

እኔ ንፋስ መውጫ ስልክ እጠግናለሁ። ጥሩወርቅን የወደድኳት የተሰበረ ስልክ ይዛ መጥታ ነው። ስልኩ አልዳነም፤ እኔም አልዳንኩ። አባቷ አያ ሞላ የእስቴ ሰው ናቸው። በዚህ ዓለም የሚሳሱላቸው ሁለት ነገሮች አሉ፤ ልጃቸውና ምንሽር ጠመንጃቸው። የትኛዋን እንደሚያስቀድሙ ደፍሬ ጠይቄ አላውቅም።

እንግዲህ ሽማግሌ ላክሁ። መሪያቸው የደብራችን መርጌታ አዳሙ ነበሩ። ስለ መሬቱ፣ ስለ በሬው፣ ስለ ዘር ቆጠራው አጥንተው ነው የሄዱ። አያ ሞላ ግን ስለ በሬ ምን ገዷቸው! በሬዲዮ የሰሙት ወሬ ሆዳቸውን ሲበላው ሰንብቷል። "ያ ጠመንጃ ይቆጠር፣ ይመዝገብ የሚል የአሜሪካ ከንቲባ፣ ወገኑ ከማን ነው?" ብለው ጠየቁ።

መርጌታ ብድግ አሉ። "መድኃኔዓለምን! እስከ ሰባት ቤት ቆጥረናል። ልጃችን ከዚህ ሰውዬ ጋር በአባቱም በእናቱም አይገናኝም!"

አያ ሞላ ዝምድናውን ሳይሆን ፓርቲውን ነው የጠየቅኋችሁ አሉ። ልጁ ስልክ አዋቂ ነው ካላችሁ ይህን ይመልስና ልጄን ይውሰድ፤ ካልመለሰ ግን ደኅና ግቡ!

ስልኬ ጮኸ። መርጌታ ከበረት ጀርባ ተደብቀው ነው። "አንተ፣ ትዳርህ በአንድ ከንቲባ ላይ ተንጠልጥሏልና ቶሎ በል" አሉኝ። ኔትወርኩ ደግሞ የዚያን ዕለት! አንዲት ገጽ እስክትከፈት ገብስ ተዘርቶ ይታጨዳል። ላቤ ጠብ ጠብ ሲል ተከፈተች። ሰውዬው መጀመሪያ የአንዱ ፓርቲ ነበር፤ ከዚያ ወደ ሌላው ዞረ፤ ኋላ ሁለቱንም ትቶ ብቻውን ቀረ። ጠመንጃንም ልውረስ አላለም፤ ማን እንደሚገዛው ልወቅ ነው የሚለው። ይህንኑ ለመርጌታ ነገርኳቸው።

አያ ሞላ ሲነገራቸው "ሦስት ቤት የለወጠ ሰው!" ብለው አማተቡ አሉ። አለቀልኝ! ግን አንድ ነገር አስከተሉ፤ ለራሱስ ጠባቂ አለው ወይ? አለው አልኩ በስልኩ። ጠባቂውስ ምን ይዟል? ጠመንጃ ነዋ! ይህን ሲሰሙ በሳቅ ፍርስ አሉ። "በሉ ይህስ የእኔው ሰው ነው! እኔም የጎረቤቱ ጠመንጃ ሁሉ ቢሰበሰብ ደስታዬ ነው፤ የኔዋ ብቻ ትቅር እንጂ" ብለው ልጃቸውን ፈቀዱልኝ።

እንዳሉትም አደረጉ። በሠርጋችን ቀን ከዳሱ በር ቆመው የእንግዳውን ጠመንጃ ሁሉ ተቀብለው ጓዳ ቆለፉበት። ወንዱ እያጉረመረመ ባዶ እጁን ገባ። እሳቸውማ ምንሽራቸውን ታቅፈው መሀል ቁጭ! ጠላው ወደ ላይ ሲወጣ "ስለ ልጄ ክብር!" ብለው ተነሡና አንድ ጊዜ ለቀቁት። የገዛ ቤታቸውን አዲስ ቆርቆሮ በሱት። ሚዜዎቼ ጠረጴዛ ሥር ገቡ።

አማቴ እማማ የሺ ከማድቤት ወጡ። ቆርቆሮውን አዩ፤ ባላቸውን አዩ። ምንሽሩን ከእጃቸው ወስደው ሣጥን ውስጥ ቆለፉበትና ቁልፉን መቀነታቸው ላይ ቋጠሩት። አያ ሞላም እንደ እንግዶቻቸው ባዶ እጃቸውን ተቀመጡ። ያ ከንቲባ ሦስት ቤት ዞሮ ያልሆነለትን ነገር እማማ የሺ ወጡ ሳያር ጨረሱት። የማን ፓርቲ ነዎት ብሎ የጠየቃቸውም የለ።

እኔ አፌን ከፍቼ ሳይ፣ ሙሽራዬ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ "እኔ የወጣሁት በእናቴ ነው" አለችኝ።