ናጋ ያልጠየቀ ገዢ አይደለም

በዚህ ዓለም ላይ ያለ ሰው ሁሉ ወይ ገዢ ነው ወይ ጥላ ፈላጊ። ሦስተኛ ዓይነት የለም። ይህን የወሰንኩት እኔ አይደለሁም፤ እኔ ቢረሳው የምባል ጡረታ የወጣሁ የእንግሊዝኛ መምህር ነኝ፣ እንዲህ ያለውን ነገር የመወሰን ሥልጣን ማን ሰጥቶኝ! ሥልጣኑ ያላቸው ክቡርነታቸው ጋሼ ሀሺ ናቸው፤ የነገሌ ቦረና የገዢዎች ጠቅላይ ዳኛ፣ በፊልቱ መንገድ ላይ የከርቤ መጋዘን ባለቤት። እናንተም ከተማ እንዲህ ያለ ሰው አይጠፋም። በሩ ላይ ተቀምጦ፣ ገና መንገዱን ሳትሻገሩ፣ ልትገዙ ይሁን ልትቀላውጡ እንደመጣችሁ የሚያውቅ።

«ይሄ ጥላ ፍለጋ ነው የመጣው» ካሉ አለቀ። ይግባኝ የለውም።

ችሎቱ የሚሠራው በአንድ አንቀጽ ብቻ ነው፦ «ናጋ ያልጠየቀ ገዢ አይደለም።» ናጋ በኦሮምኛ ሰላም ነው። ግን እንደ አዲስ አበባ ሰው «ሰላም ነው?» ብሎ መልሱን ሳይሰሙ ማለፍ አይደለም። አካም፣ እንዴት ነህ? ናጋ? ልጆቹስ ናጋ? ከብቱስ? ዝናቡስ? በመጣህበት በኩል ሳሩ እንዴት ነው? ይህ ሁሉ ተጠይቆ፣ ሁሉም ተራ በተራ ተመልሶ፣ ሻይ ተጠጥቶ ነው ዋጋ የሚነሳው። ጋሼ ሀሺ እንደሚሉት ሊገዛ የቆረጠ ሰው አይቸኩልም። የሚቸኩለው የማይገዛው ነው፤ ቶሎ ዋጋ ሰምቶ፣ ቶሎ «ውድ ነው» ብሎ፣ ቶሎ ሊሄድ።

ደግሞ ይይዝላቸዋል! አንድ ቀን መኪናው የሚያብረቀርቅ፣ መነጽሩ ግንባሩ ላይ የተሰቀለ ሰውዬ ወርዶ «አባት፣ ኪሎው ስንት ነው?» አለ። ጋሼ ሀሺ ሳይነሱ «ሻይ ስጡት፣ ፀሐይ መትቶታል» አሉ። ሰውዬው ሁለት ብርጭቆ ጠጥቶ፣ ሦስት ፎቶ አንስቶ ሄደ። በዚያው ሳምንት ደግሞ ሸሚዙ አቧራ የጠጣ፣ ጫማው በሽቦ የታሰረ ሰው መጣና ስለ ዝናብና ስለ ፍየል ግማሽ ቀን አወራ። እኔ ሊለምን ነው ብዬ ነበር። ሲነሳ አሥር ኩንታል ጭኖ ሄደ። ጋሼ ሀሺ ዞር ብለው አዩኝ። ያቺ አስተያየታቸው ከስድብ ትብሳለች።

እኔም ብሆን ተፈርዶብኝ ነው እዚህ የቀረሁት። በሰማንያ ስድስት ዓመተ ምሕረት፣ አዲስ ተመድቤ በመጣሁ በሦስተኛው ቀን፣ ያኔ ልብስ ይሸጡ ነበርና ገባሁና «ይህ ሸሚዝ ስንት ነው?» አልኩ። ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ።

«መምህር፣ አንተ ጥላ ፍለጋ ነው የመጣኸው» አሉኝ። «ና ቁጭ በል።» በርጩማ ገፋ አደረጉልኝ። እውነታቸውን ነው፤ ደመወዜ አልደረሰም፣ የማውቀው ሰው የለም፣ ውጪው ደግሞ እሳት ነበር። ይኸው ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆነኝ፤ በርጩማው ሁለቴ እግሩ ተቀይሯል፣ እኔ ግን አልተነሳሁም።

እንግዲህ የዛሬ ዓመት ገደማ እኚህ ዳኛ ጭንቅ ውስጥ ገቡ። ሃያ ዓመት ሙሉ ከርቤያቸውን የሚወስድላቸው የአዲስ አበባ ነጋዴ ሥራውን ተወ። መጋዘኑ ውስጥ ስልሳ ኩንታል ተቆልሏል። ጣሪያው ያፈሳል። የመጋቢት ዝናብ ከገባ ከርቤው እርጥበት ይጠጣና እርስ በርሱ ተጣብቆ ድንጋይ ይሆናል፤ ድንጋይ ደግሞ የሚገዛ የለም። «መጋቢት ሳያልቅ ካልወጣ መጋዘኑን እዘጋለሁ» አሉ። ይህን ሲሉ እኔን አላዩኝም።

ከሁሉ የከፋው ጉያቱ መምጣቷ ነበር። ጉያቱ ከዳዋ ወንዝ ወዲህ ባለው በረሃ ከርቤ የሚለቅሙትን ሴቶች የምትመራ ናት። በየገበያው ቀን ትመጣለች፤ ናጋውን አንድም ሳታስቀር ትጠይቅና በመጨረሻ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ተሸጠ?» ትላለች። ሀሺ ከዘጉ ሴቶቹ የሚሸጡለት የለም። የከርቤውን ዛፍም የሚፈልገው ከሰል አክሳዩ ብቻ ይሆናል። ጋሼ ሀሺ «ኢንሻአላህ» ይሏታል። እሷም ቀና ብላ ጣሪያውን አይታ ትሄዳለች።

ልጃቸው ፋርሂያ ቡሌ ሆራ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር የተማረች ናት። የከርቤውን ፎቶ ኢንተርኔት ላይ አወጣችው። መጀመሪያ በሳምንት ሁለት ኢሜይል መጣ፤ እኔ እያነበብኩ ለጋሼ ሀሺ እተረጉማለሁ፤ እሳቸው ይፈርዳሉ። ከዚያ በቀን አርባ ሆነ። የኔ ዓይን እንኳን አርባ ደብዳቤ፣ የመድኃኒት ብልቃጥ ላይ ያለውንም አያነብ። ፋርሂያም ሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው የሚሉትን ነገር አገናኘችበት፦ ኢሜይል ሲመጣ ያነባል፣ ከአሥር ነጥብ ይሰጣል፣ ገዢ ያለውን በቴሌግራም ወደ አባቷ ስልክ ይልካል፣ የቀረውን ወደ ጎን ያደርጋል።

ጋሼ ሀሺ አንድ ቀን ሙሉ አኮረፉ። ከሠላሳ ምናምን ዓመት ዳኝነት በኋላ በማሽን መተካት ቀላል ነው እንዴ! በማግሥቱ «ለመሆኑ ገዢ መለየቱን ማን አስተማረው?» ብለው ጠየቁ።

«እኛ ነና አባ» አለች ፋርሂያ። «እርስዎ ይንገሩኝ፣ እኔ እጽፍለታለሁ።»

ከዚህ በኋላማ ማን ያቁማቸው! ከቀትር እስከ ማታ ተናገሩ፤ እኔ ወደ እንግሊዝኛ መለስኩ። ስለ ጤና የጠየቀ፣ ሁለት ነጥብ። ስለ ልጆች የጠየቀ፣ ሦስት። ስለ ዝናብ ወይም ስለ አገሩ ሰላም የጠየቀ፣ ሌላ ሦስት። ፈጣሪን ያመሰገነ፣ ሁለት። በመጀመሪያው መስመር ዋጋ የጠየቀ፣ ጥላ ፈላጊ፤ ሌላውን ማንበብ አያስፈልግም።

«አባ፣ ስንት ኪሎ እንደሚፈልግስ አይታይም?» አለች ፋርሂያ ፈራ ተባ እያለች።

«ገና በተዋወቅንበት ቀን? ነውር አይደለም?»

እኔም «ነውር ነው እንጂ» ብዬ አጸደቅኩ። ጥፋቱን ለብቻቸው አላሸክማቸውም፤ በእጄ የጻፍኩት ነገር ነው።

በሦስተኛው ቀን ስልካቸው ጮኸ። አሥር ከአሥር! የላከችው አንዲት መበለት ናት። ምን ያልጠየቀችው አለ! ጤናቸውን፣ ልጆቻቸውን፣ የልጆቻቸውን ልጆች፣ የአገሩን ሰላም፣ ሁሉንም በፈጣሪ ስም። ባሏ የማዕድን ሚኒስትር ነበር፤ ሞቶባት አሥራ ሁለት ሚሊዮን ዶላር ተቆልፎባታል። ስለ ከርቤ ግን አንድም ቃል የለም።

«አየህ መምህር? ይቺ ቤተሰብ ያሳደጋት ናት» አሉ ጋሼ ሀሺ። «ከርቤውን ቀስ ብላ ታነሳዋለች።» እስከዚያው ድረስ በኔ እጅ የሐዘን ደብዳቤ ጻፉላት፤ ለሟቹም ዱዓ አስደረጉ። ሳምንት ሳይሞላ ሌላ የማዕድን ሚኒስትር መበለት መጣች፣ አሥር ከአሥር። ከዚያ አንድ የጦር ጄኔራል፣ ስምንት። ከዚያ ሦስተኛ መበለት። ጋሼ ሀሺ ሦስተኛውን ሟች ሲሰሙ ጢማቸውን ያዙና «ይህ ሚኒስትር ስንት ጊዜ ነው የሚሞተው?» አሉ።

ፋርሂያ ወንበሯን ሳበች። ኮምፒውተሩን ከፈተችና ጥላ ፈላጊዎቹ የተጣሉበት ውስጥ ገባች። ከሥር፣ ከሥር፣ አንድ ከአሥር የተሰጠው ጀርመናዊ አለ፤ ዩርገን ይባላል። ሦስት ጊዜ ጽፏል። አነበብኩላቸው። የመጀመሪያው፦ «ስድስት ቶን ከርቤ። ዋጋ በኪሎ? እርጥበቱ? ፎቶ።» ሁለተኛው፦ «መልስ አልደረሰኝም።» ሦስተኛው፦ «እስከ ዓርብ ካልመለሳችሁ ከሌላ እገዛለሁ።»

ስድስት ቶን ማለት ስልሳ ኩንታል ነው። ቀኑ ረቡዕ ነበር። የካቲት ተጋምሷል፤ በደቡብ በኩል ደመና መሰብሰብ ጀምሯል።

«ናጋ እንኳን አላለም!» አሉ ጋሼ ሀሺ።

«አባ፣ ጀርመን ናጋ አይጠይቅም!»

«ታዲያ ማን አሳደገው?»

ፋርሂያ የአባቷን እጅ ያዘች። «ዋጋውን እንላክለት አባ። በርስዎ ሞት! ዋጋውን ብቻ።» ሠላሳ ዓመት እንዲህ ሲጨነቁ አይቻቸው አላውቅም። መሸነፍ አያውቁበትማ። ተነስተው መጋዘኑ ውስጥ ገቡ፤ ከረጢቶቹን በእጃቸው መታ መታ እያደረጉ ዞሩ፤ ተመለሱ።

«ሩቅ መንገድ የመጣ እንግዳ ደክሞት ሰላምታ ቢረሳ ባለቤቱ ይጀምርለታል» አሉ። «ጻፍ መምህር። አንቺ ዋጋውንና ፎቶውን አስቀድሚለት፣ እሺ፣ ተሸንፌያለሁ። ከሥር ግን እኔ የምለው ይጻፍ፦ ናጋ? ጤናህ እንዴት ነው? እናት አባትህ ደህና ናቸው? ዝናቡስ እንዴት ይዟችኋል?»

ፋርሂያ «ያበደ ሰው የጻፈው ይመስለዋል» አለች። ቢሆንም ላከችው።

ሐሙስ ምንም የለም። ዓርብ ከጁምዓ መልስ ሦስታችንም ስልኩን ከበን ተቀመጥን፤ የሆስፒታል በር ላይ የሚጠብቅ ቤተሰብ መስለናል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጮኸ። አነበብኩላቸው።

«ዋጋው ያስማማኛል። ናሙና ላኩ፤ ጥሩ ከሆነ ስድስቱንም ቶን እወስዳለሁ።» ከዚያ አንድ መስመር ዘሎ፦ «እዚህ ሁለት ሳምንት ሙሉ ዘነበ። እናቴ ሆስፒታል ነበረች፤ ትናንት ወጣች። ስለ እናቴ ግን ማን ነገራችሁ?»

ጋሼ ሀሺ «አልሐምዱሊላህ!» ብለው ጭኔን በጥፊ መቱኝ። የታመመው ጭኔ ነው፤ ግን ማን ልብ ይለዋል! «አላልኩህም? ገዢ ነው! ከእናቱ ጋር ገዢ ነው!»

ናሙናው ሄደ፤ ወደደው። ወረቀቱንና ፈቃዱን ፋርሂያ ሮጣ ጨረሰች። መጋቢት ሃያ ሦስት ቀን የጭነት መኪናው ደረሰ፤ የመጨረሻው ከረጢት ተጭኖ ሸራው ሲወጠር የመጀመሪያው ጠብታ አናቴ ላይ አረፈ። ጉያቱ ያንን ቀን መጣች። መኪናውን አየች፤ በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ናጋ ሳትል ከመንገዱ ማዶ ሆና «ተሸጠ?» ብላ ጮኸች። ጋሼ ሀሺም ናጋ ሳይሉ «ተሸጠ!» ብለው ጮኹ። ከዚያ ሁለቱም አፍረው ሰላምታውን ከመጀመሪያው ጀምረው ዝናብ ውስጥ ቆመው ጨረሱት።

ዛሬ ጣሪያው ተጠግኗል፤ ጉያቱም ሌሎች ዘጠኝ ሴቶች ጨምራለች። ማሽኑ አዲስ ሕግ ተጽፎለታል። ስንት ኪሎ እንደሚፈልግ፣ መቼ እንደሚፈልግ፣ ከዚህ ቀደም ከርቤ ገዝቶ እንደሆነ ያያል። ለሁሉም መልስ ሲሰጥ ግን ዋጋውን ካስቀደመ በኋላ ናጋ ብሎ ይጠይቃል፤ ስለ ዝናብም፣ ስለ እናት አባትም። ዩርገን አሁን ሲጽፍ ዝናቡን ነው የሚያስቀድመው። መበለቶቹም ይጽፋሉ፤ አንድ ከአሥር።

ባለፈው ሳምንት ክፉ ሐሳብ መጣብኝ። ማሽኑን ልፈትነው ብዬ ከራሴ አድራሻ ጻፍኩ፤ ናጋ የለ፣ ጤና ይስጥልኝ የለ፦ «ኪሎው ስንት ነው?» ደቂቃ ሳይሞላ የጋሼ ሀሺ ስልክ ጮኸ። እሳቸው ሶላት ላይ ነበሩና ፋርሂያ አንስታ አየችው፤ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት።

«ምን አለ? ጥላ ፈላጊ አለኝ አይደል?»

«ጋሼ ቢረሳው፣ እርስዎማ የራስዎ ሕግ አለዎት። አባ ናቸው በመጀመሪያው ቀን፣ እርስዎ ከሄዱ በኋላ ያስጻፉኝ። ሌላው ሁሉ ሲቀየር ይቺን እንዳትነኪ ብለውኛል።»

ስልኩን ሰጠችኝ። መነጽሬን አውልቄ ጠርጌ አደረግኩና አነበብኩት፦ «ከመምህር ቢረሳው የመጣ። ይህ ሰው አይገዛም። ከሁሉ በፊት ይነበብ፤ በርጩማው ይዘጋጅ።»