ካንዴላ በኪስ

ጥንቁቅ ሰው በአገራችን ዕድል የለውም። ጥንቃቄው ሲሰምር ማን ያይለታል? ያልደረሰ አደጋ ምስክር የለውም፤ ያልተቆረጠ ጣትም አይቆጠርም። መሰላል ላይ ከመውጣቱ በፊት እግሩን የሚነቀንቀውን «ፈሪ ለእናቱ» እንለዋለን፤ ሳይነቀንቅ ወጥቶ የወደቀውን ግን የዶሮ ሾርባ ይዘን እንጠይቀዋለን። ሾርባው በእርግጥ ለማን ይገባ እንደነበር የሚያነሣ የለም። እኔም ያነሣሁት ለእኔ ከመጣልኝ በኋላ ነው።

ነገሩ የሆነው በደርግ ዘመን አሰበ ተፈሪ ውስጥ ነው፤ በአንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ጸሐፊ ሳለሁ። ከቢሯችን ፊት ለፊት ሣር ሜዳ ነበር። ሰልፉም ስብሰባውም እዚያው ስለነበር መሬቱ ተረግጦ ተረግጦ ውሃ መጠጣት ተወ፤ ዝናብ ሲጥል ላዩ ላይ ይተኛል። መፈክር ጠግቦ ውሃ በቃኝ ያለ ይመስል ነበር። ይህን የምለው አሁን ነው፤ ያኔማ አፌን ሞልቼ የምናገረው ስለ አየሩ ብቻ ነበር።

የመስከረም ሁለት በዓል ሲቃረብ እንግዶች ከበላይ ይመጣሉ ተባለ። ጫማቸው ጭቃ እንዳይነካ ኃላፊያችን መሬት የሚበሳ ሞተር አስመጣ። እየተገፋ የሚሄድ ነው፤ ከሆዱ ሥር አውራ ጣት የሚያክሉ የብረት ችንካሮች የተተከሉበት ከበሮ ይሽከረከራል። ችንካሮቹ መሬቱን እየወጉ አፈሩን እንደ ፍየል በጠጥ ወደ ኋላ ይተፉታል፤ ውሃውም በቀዳዳው ይሰርጋል። ጥሩ መሣሪያ ነው፤ መሬትና ሥጋ አይለይም እንጂ።

ሞተሩ የተሰጠው ለአትክልተኛችን ለጋሽ ሙሜ ነበር። ጋሽ ሙሜ በወጣትነታቸው ሂርና ወፍጮ ቤት ሲሠሩ የወፍጮው ቀበቶ ከቀኝ እጃቸው ሁለት ጣት ወስዶባቸዋል። ስለዚህ ሞተሩን ከማስነሳታቸው በፊት ሜዳውን ዞረው ድንጋይ ይለቅማሉ፤ የውሃ ቧንቧ ባለበት እንጨት ይተክላሉ፤ በአጠገባቸው የቆመውን ሁሉ ያባርራሉ። ጭቃ ከበሮውን ሲያንቀው ደግሞ ሞተሩን ያጠፋሉ፤ እሳት የምትሰጠውን ካንዴላ ፈትተው ኪሳቸው ይከታሉ፤ ከዚያ በኋላ ነው ቁጢጥ ብለው ጭቃውን የሚጠርጉት።

«ካንዴላው ኪስህ ሳይገባ እጅህ እዚያ አይገባም» ይሉኝ ነበር። «ሥራ ሱታ ነው፤ ቀስ።»

ችግሩ፣ ሞተሩ አንዴ ከጠፋ ገመዱ ትከሻ እስኪገነጠል ካልተሳበ አይነሣም። ጭቃው ደግሞ በየሃያ እርምጃው ነው። እኛ በመስኮት እያየን እንስቅ ነበር። «ጋሽ ሙሜ፣ ከካንዴላዋ ጋር ኒካ አሰሩ እንዴ?» ብዬ የቀለድኩት እኔው ነኝ።

ለበዓሉ ሁለት ቀን ሲቀር ኃላፊያችን መጣ። (ዛሬ «መጣ» እላለሁ፤ ያኔ «መጡ» ብዬ ብድግ ነበር የምለው።)

«ሞተሩ ለምን ቆመ?»

«ጭቃ በላ። ላወጣለት ነው» አሉ ጋሽ ሙሜ።

«ከእንግዲህ ሳታጠፋው አውጣለት!»

«አይሆንም። አንተ ቸኩለሃል፤ ሞተሩም ይቸኩላል። አንዳችን እንኳ ቀስ እንበል እንጂ።»

ጋሽ ሙሜ አፍ የፈቱት በኦሮምኛ ስለሆነ በአማርኛ ለትልቁም ለትንሹም «አንተ» ነበር የሚሉት። ኃላፊያችን ግን ፊቱ ተለዋወጠ። «ይህ አሻጥር ነው» አለ። ልጆች፣ ይህች ቃል ዛሬ ቀላል ናት። ያኔ በእሷ ምክንያት ከቤቱ ወጥቶ የቀረ ሰው አለ። ጋሽ ሙሜን ወደ ቀበሌ እስር ቤት ወሰዷቸው፤ ካንዴላዋም ኪሳቸው ውስጥ እንዳለች አብራ ታሰረች።

ካንዴላዋን እንዳመጣ የተላክሁት እኔ ነበርኩ።

«ሞተሩን ማን ሊይዝ ነው?» አሉኝ በመስኮቱ ብረት በኩል።

«እኔ።»

እጄን ረዥም ጊዜ አዩት። ካንዴላዋን መዳፌ ላይ አስቀምጠው ጣቶቼን አንድ በአንድ አጠፉልኝ። «ገና ሙሉ ነው፣ ኢልማ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «ያልኩህን አትርሳ።»

አልረሳሁም። በማግስቱ ጭቃው መጀመሪያ ሲያንቀው አጠፋሁ፣ ፈታሁ፣ ጠረግሁ። ገመዱን ስስብ ኃላፊያችን ሰዓቱን ያያል። ሁለተኛ ጊዜ ሲያንቀው ሰዓቱን እንዳያይብኝ ብዬ ሳላጠፋ እጄን ሰደድሁ። ጭቃው ሲወጣ ከበሮው ዞረ። ስለ ሕመሙ አላወራም፤ ከቀኝ እጄ ሁለት ጣት ሄደ። የበዓሉ ዕለት እንግዶቹ መጡ፣ ግማሽ ሰዓት ቆሙ፣ ሄዱ። ጫማቸው አልቆሸሸም።

ከሳምንት በኋላ ኃላፊያችን የዶሮ ሾርባ አስይዞ ቤቴ መጣ። ከሾርባው ጋር ወረቀት ነበረ፤ «አደጋው የደረሰው ሙሜ ሞተሩን ሆን ብሎ በማበላሸቱ ነው» ይላል። ይህ ወረቀት ከተፈረመ ጋሽ ሙሜ ከቀበሌ ወዴት እንደሚተላለፉ ሁለታችንም እናውቃለን።

«ቀኝህ በፋሻ እንደታሰረ ነው» አለኝ፤ የቀለሙን ሣጥን ከፈተልኝ። «የግራ አውራ ጣትህ ይበቃል።»

ፈራሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ አውራ ጣቴ ቀለሙ ላይ ሊያርፍ ምንም አልቀረውም። ያን ጊዜ ጣቶቼን አንድ በአንድ ያጠፉልኝ የሦስት ጣት እጅ ትዝ አለኝ። ግራ እጄን ኮቴ ኪስ ውስጥ ከተትሁ።

«ሞተሩን ያላጠፋሁት እኔ ነኝ» አልኩ።

«አስብበት» ብሎ ወረቀቱን አጥፎ ወጣ። እጄን ከኪሴ ያወጣሁት የግቢው በር ሲዘጋ ሰምቼ ነው።

ተመልሶ አልመጣም። ጋሽ ሙሜ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ተፈቱ፤ ሲታሰሩ የጠየቃቸው እንዳልነበረ ሁሉ ሲፈቱም ለምን እንደሆነ የነገራቸው የለም። ቤቴ መጥተው ቀኝ እጃቸውን ከቀኝ እጄ ጎን አስቀመጡ። ይቅርታ ልጠይቃቸው አፌን ስከፍት ቀደሙኝ።

«ካንዴላው የት ነው?»

«እዚያው ሞተሩ ላይ።»

ራሳቸውን ነቅንቀው ወጡ። ያ ሞተር ከዚያ ቀን በኋላ አልተነሣም። ካንዴላዋ ጠፋች ተባለ። በማን ኪስ እንዳለች መሥሪያ ቤቱ በሙሉ ያውቃል፤ ኃላፊያችንም ያውቃል፤ የጠየቀ ግን የለም። በዚያ ዘመን በአሻጥር ሲከሰስ ካየሁት ሰው ሁሉ አሻጥር ሲሠራ ያየሁት ጋሽ ሙሜን ብቻ ነው፤ በዚያኛው ግን አልታሰሩም።