የሚተፋው ማሞቂያ አወዳደቅ

ሰው የእንፋሎት ቧንቧ ፈትቶ አፉን ክፍት እንዳደረገው እንፋሎቱ ድንገት ቢመጣ፣ ፊቱ ምን ይሆናል? የሦስተኛው ፎቅ እመቤት ክብርት ዶኛ ፕሩደንሲያ ይህን ከንጋት ጀምሮ ራሳቸውን ጠየቁ፤ ምናልባት ይበጀው ይሆናል ብለው የቪክስ ቅባታቸውን ብልቃጥ ሽርጣቸው ኪስ ውስጥ ከተቱ።

ወኮነ በዘመነ ጋዝመንድ፣ የሕንፃውን እሳት የሚያነድ ሊቀ ቦይለር፣ አሳንሰሩ ባረፈ በሁለተኛው ክረምት፣ ውርጭ በብሮንክስ ላይ በነገሠበት ቅዳሜ፣ የጫማ ሻጮች አለኝታ፣ የገበያተኛ ቁጣ የማይበግረው፣ የዶኛ ፕሩደንሲያ የልጅ ልጅ የሆነችው የያሪትሳ ባል ኤፍራይን፣ ቁርሱን በቅጡ ሳይበላ፣ ካናቴራም ሳይደርብ (ተነግሮት ነበር)፣ አሮጌውን የእንፋሎት ማሞቂያ ሊነቅል ተነሣ።

የጦርነቱም መነሻ ይህ ነበር። በትንሿ ክፍል መስኮት ሥር የተተከለው ያ ማሞቂያ፣ ዕድሜው ከዶኛዋ የሚበልጥ፣ ክብደቱ የሰባ ወይፈን የሚያህል፣ ቀለም በቀለም ላይ እየተደረበበት መልኩ የጠፋ ብረት፣ በጎኑ ባለችው ማስተንፈሻ የፈላ ውሃ ይተፋ ጀመር፤ ምራቁም በዚያ ሳምንት ከሕፃኗ ከናይዳ አልጋ ጠርዝ ደረሰ። የሕንፃው ባለቤት ቢለመን በበጋ እናየዋለን አለ። ወሬውም እስከ ጎረቤቷ ከተማ ዮንከርስ ዘልቆ፣ ባለ ግቢ ቤት ከሆኑት ከኤፍራይን እናት ከዶኛ ሳቱርኒና ጆሮ ገባ፤ እሳቸውም በስልክ፣ ቤቱ ሁሉ እንዲሰማ፣ እንዲህ ብለው አዋጅ አስነገሩ፦

«ስሙኝ! የልጅ ልጄ የፈላ ውሃ እየተረጨባት አታድግም! ዛሬ አመሻሽ ላይ መኪናዬን አስነሥቼ እመጣለሁ። ያ ብረት እስከዚያ ካልተነሣ፣ እናትም ልጅም ከኔ ጋ ይሄዳሉ፣ አለቀ! አንተም ከፈለግህ ና፤ ካልፈለግህ ብረትህን አቅፈህ ተኛ!»

ዶኛ ፕሩደንሲያ ይህን ሲሰሙ ሕፃኗን ከአልጋዋ አንሥተው አቀፉ፤ ናይዳ ከሄደች በዚያ ቤት የሚጮኸው ቴሌቪዥኑ ብቻ ነውና። ብረቱ ካልተነሣ ሕፃኗ ትሄዳለች፤ ኤፍራይን ሊያነሣው ከሞከረ ደግሞ ይቃጠላል። በየትኛው ይጨነቁ? በሁለቱም ተጨነቁ።

ወእምዝ፣ በሙዝ ቅጠል የተጠቀለለ ፓስቴሌስ በትሪ ሙሉ ተይዞ፣ መልእክተኞች ወደ ምድር ቤት ወረዱ፤ ሊቀ ቦይለር ጋዝመንድም አንዱን ፈትቶ፣ ቀምሶ፣ ሌላውን ደግሞ ፈትቶ፣ ለኤፍራይን ቃል ኪዳን ገባ፦

«ቦይለሩን እስከ እኩለ ቀን አጠፋልሃለሁ፣ ወንድሜ! ከዚያ በኋላ ብትቀቀል አላውቅህም!»

ለተከራዮቹም ሙቀት እንደማይኖር ደረጃው ላይ ቆሞ አንድ ጊዜ ጮኸ፤ ዳሩ ግን የቆሻሻ መኪናው እያጓራ ያልፍ ነበርና የሰማው የለም።

ከኤፍራይን ጋር የዘመቱትም እነዚህ ናቸው፦ የአጎቱ ልጅ ቻጎ፣ ሆዱ ቀድሞት በር የሚገባ፣ አዲሱን ማሞቂያና ቫልቩን በባለ ሁለት ጎማ ጋሪ የሚገፋ፤ ከሁለተኛው ፎቅ ሚስተር ኦቲስ፣ የቧንቧ መፍቻ ጂራቱቦውንና ምክሩን ያዋሰ፣ ምክሩ ከጂራቱቦው የከበደ፤ በኋላ ደጀንነት ያሪትሳ፣ ሕፃኗን አቅፋ ወጥ ቤት የመሸገች፤ ዶኛ ፕሩደንሲያም እርጥብ ፎጣና የምድጃ ጓንት ታጥቀው፣ በየአፍታው ከበሩ ብቅ እያሉ «ራቅ በል! ፊትህን አዙር! ኧረ ይሄ ልጅ ካናቴራ አይለብስም?» የሚል አዋጅ የሚያስነግሩ።

ውጊያውም ተጀመረ። ኤፍራይን ጂራቱቦውን ማሞቂያውን ከቧንቧው በሚያያይዘው ዳዶ ላይ አስነክሶ ጎተተ፤ ዳዶው አልሰማ አለ። ቻጎ ጨምሮ ጎተተ፤ የቻጎ ሱሪ ተተረተረ እንጂ ዳዶው አልተነቃነቀም። ከዚህ በኋላ ነበር ኤፍራይን መዶሻ አንሥቶ፣ ጓ! ጓ! ጓ! እያደረገ የመታው።

በዚያ ሕንፃ ግን ከጋዝመንድም ከባለቤቱም የቀደመ ሕግ አለ፤ ብርድ የጸናበት ተከራይ ቧንቧውን ይመታል፣ የሰማም ሁሉ አብሮ ይመታል፣ ሙቀትም ይለቀቃል። ቤታቸው እንደ በረዶ ቀዝቅዞ ምክንያቱን ሳያውቁ ብርድ ልብስ ተከናንበው የነበሩት ሁሉ የኤፍራይንን መዶሻ በሰሙ ጊዜ፣ አምስተኛው ፎቅ በመጥበሻ፣ አራተኛው በማንኪያ፣ አንደኛው በጫማ ተረከዝ ቧንቧውን ያንቀጠቅጡት ጀመር፤ በደረጃውም አዋጃቸው ተሰማ፦

«ሙቀት! ሙቀት! ሥጋ ነን እንዴ ማቀዝቀዣ ውስጥ የምታስቀምጠን?»

ኤፍራይን ግን ላቡን ጠርጎ «ሰማችሁ? እያበረታቱኝ ነው!» ሲል አወጀ፤ ይባስ ብሎም መታ። ዳዶውም እጁን ሰጠ፤ ቻጎና ሚስተር ኦቲስ አሮጌውን ብረት ወደ ኮሪደሩ ጎተቱት፤ ኤፍራይንም የዛገውን የእንፋሎት መዝጊያ ቫልቭ ነቀለው፤ የቧንቧውም አፍ ተከፈተ።

በዚያችው ሰዓት ጋዝመንድ በምድር ቤቱ የሕዝቡን ዐመፅ ሰምቶ ልቡ ራደ፤ ፓስቴሌሱንና ቃል ኪዳኑን ረስቶ ቦይለሩን ለኮሰና ወደ ላይ ጮኸ፦

«እሺ! እሺ! ሰማሁ! ንደዱ እንግዲህ!»

ቧንቧው መተንፈስ ጀመረ። በመጀመሪያ ቀዝቃዛ፣ ቀጥሎ ለብ ያለ፣ የዝገት ሽታ ያለው አየር ወጣ። ዶኛ ፕሩደንሲያ ያ የንጋቱ ጥያቄያቸው መልሱ እየመጣ እንደሆነ ዐወቁ፤ ወደ ደረጃውም ዘልቀው፣ ከወለዱ ወዲህ ባልጮኹት ድምፅ አወጁ፦

«ጋዝመንድ! አጥፋው! ልጄን ልትቀቅለው ነው ወይ?»

ከመጥበሻው ጩኸት የተነሣ የሰማቸው የለም። ተመልሰው ሲገቡ ኤፍራይን አልሸሸም፤ አዲሱን ቫልቭ ይዞ ተንበርክኮ ነበር። አንድ ጊዜ ቢያዞረው የቫልቩ ጥርስ ተዛነፈ። ቻጎ ከደጅ «በኃይል ግፋው!» ሲል ሚስተር ኦቲስም «ልቀቀውና ሩጥ!» አለ። ዶኛ ፕሩደንሲያ ግን ጓንቱን እጁ ላይ አጠለቁለት፣ እርጥቡን ፎጣ ፊቱ ላይ ጠመጠሙለት፣ ከኋላውም ወገቡን ጨምቀው ያዙ፤ እንፋሎቱ ቢመጣ ለሁለቱም ይምጣ ብለው።

እሱም እግሩን ለሚያወራጭ ሕፃን ጫማ እንደሚያለብስ ሰው፣ ሳይገፋ፣ ሳይቆጣ፣ ቫልቩን ወደ ኋላ ጥቂት መልሶ እያባበለ አዞረው፤ ጥርስ ከጥርስ ተያያዘ። ቧንቧው ሲያፏጭ የቫልቩን እጀታ ጠመዘዘው። ፉጨቱ ታነቀ። ከአውራ ጣቱ ጫፍ በቀር የተቃጠለ የለም፤ ጣቲቱም ወዲያው ቪክስ ተቀባች።

ከዚያማ ድል ሆነ። አዲሱን ማሞቂያ ገጠሙት፤ ከእንፋሎቱ የሚጠራቀመው ውሃ ወደ መጣበት እንዲመለስ የወዲያኛውን ጫፍ በእንጨት ከፍ አደረጉት፤ ቫልቩም ሲከፈት ብረቱ ሳይተፋ፣ ሳያጉረመርም ሞቀ።

አመሻሽ ላይ ዶኛ ሳቱርኒና መጡ። ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ወደ ትንሿ ክፍል ገብተው አጎነበሱ፤ ማስተንፈሻዋን ተመለከቱ፤ የአልጋውን አንሶላ ዳበሱ፤ ደረቅ ነው። ናይዳ ተኝታለች። የልጃቸውን አውራ ጣት ይዘው አዩ፤ ለቀቁት። ዶኛ ፕሩደንሲያም ውዳሴውን በመላ ድምፃቸው አሰሙ፦

«ክብር ለኤፍራይን፣ ለተረከዝና ለቧንቧ ጌታ! እንፋሎት ላፈነው፣ ወይፈኑን ብረት ለጣለው፣ ሕፃን በቤቷ ላስተኛ! ስሙ ከምድር ቤት እስከ ጣሪያ ይጠራ! ዶኛ ሳቱርኒና፣ ሩዙ ትኩስ ነው፤ ይቀመጡ እንጂ፤ ውጭው ብርድ ነው!»

ዶኛ ሳቱርኒና የሕፃኗን ግንባር ሳሙ፤ የመኪናቸውን ቁልፍ ከቦርሳቸው አወጡ፤ ሕፃኗን ከአልጋዋ ሳያነሡ፣ ብቻቸውን በሩን ከፍተው ወጡ።