ቀዩ የመውጫ ካርድ

ትናንት በጠራራ ፀሐይ ሕልም አየሁ። በእኔ ዕድሜ እንቅልፍ ቀጠሮ አያከብርም፤ በየአህጉሩ አዳራሽ፣ በክብር ወንበር ላይ፣ ፈገግታዬን ሳልፈታ ያንቀላፋሁ ሴት ነኝ።

በሕልሜ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ ነበርሁ። በማሽኖቹ ላይ ያጎነበሱት ከረባት ያሰሩ አለቆች ነበሩ። የሚሰፉት ሸሚዝ አልነበረም፤ ደመና ነበር። ደመናው ከመርፌው ሥር እያፈተለከ ጣራው ላይ ይለጠፍ ነበር። አንዲት ዶሮ በማሽኖቹ መስመር መካከል እየተንጎራደደች፣ «ፍጠኑ እንጂ! ክረምቱ ሊዘገይብን ነው!» ትላለች።

ሠራተኞቹ ሴቶች በጎብኚነት ገቡ። «ወንዶችን እናብቃ» የሚል ሸራ የያዙ ፍየሎች ተከትለዋቸዋል። ከፊት የምትመራው እታፈራሁ ነበረች፤ ጠዋት በእውኑ ዓለም ከስፌት ማሽኗ አጠገብ አብሬያት ፎቶ የተነሣሁት ልጅ። በሕልሜ የፋብሪካውን ሥራ አስኪያጅ የአቶ ብሥራትን ጉንጭ መታ መታ አደረገችና፣ «አይዞህ የኔ ጎበዝ፣ አንተም ትችላለህ!» አለችው። ፍየሎቹ ፎቶ አነሡ።

እኔ ከሰፊዎቹ መካከል ለምን እንደተቀመጥሁ አልጠየቅሁም። የባሰ ጉዳይ ነበረብኝ፤ ሽንቴ መጥቶ ነበር።

«እመቤቴ፣ መጸዳጃ ቤት ልሂድ?» አልኋት ዶሮዋን።

«ካርዱስ?»

«የምን ካርድ?»

«ለአንድ መስመር አንድ ቀይ ካርድ ነው። አንገቱ ላይ ያላጠለቀው አይወጣም። አሁን የሒሳብ ሹሙ ይዞት ሄዷል።»

«መቼ ይመለሳል?»

«የሄደው አምና ነው።»

«እኔ እኮ አልቻልሁም!»

«ወሬኛ! እኔ ዕድሜ ልኬን ሸንቼ አላውቅም፤ ሞቼ አየሽኝ?»

ወደ እታፈራሁ ሮጥሁ። የልጅ ልጄን የምታክለውን ልጅ፣ «እትዬ፣ ስለ ወላዲቷ!» ብዬ ለመንኋት።

«አንቺማ የተማርሽ ነሽ» አለችኝ በርኅራኄ። «ካርዱ እስኪመጣ ስለ ነፃነት ትንሽ ንገሪን።»

ጠረጴዛ ላይ አወጡኝ። እግሮቼን አቆላልፌ ስለ ነፃነት ተናገርሁ። ይህን ጊዜ ጣራ ላይ የተለጠፈው ደመና ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ ማለት ጀመረ። አለቆቹ አጨበጨቡ። ዶሮዋ ክንፏን ዘርግታ «ካርድ!» ብላ ጮኸች፤

ነቃሁ።

አቶ ብሥራት ክርኔን ነካ አድርገው፣ «ዶክተር፣ ተራዎ ደርሷል» አሉኝ። በፋብሪካቸው የሴቶችን ቀን እያከበሩ ነበር። እኛ እንግዶቹ መድረክ ላይ ተቀምጠናል፤ ሠራተኞቹ ከታች ቆመው ንግግሬን ይጠብቃሉ። ዶሮዋና ደመናው ጠፍተዋል፤ ሽንቴ ግን ሕልም አልነበረም። በጆሯቸው ነገርኋቸው።

«ምን ችግር አለ!» አሉና ወደ በሩ እጃቸውን አጨበጨቡ። «አንቺ! ያንን ካርድ ወዲህ በይው! እንግዳ ይቀድማል።»

እታፈራሁ ልትወጣ በሩ ጋ ደርሳ ነበር። ቀዩ ካርድ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል።

«ጥበቃው ያለ ካርድ እኔንም አያሳልፍም» አሉኝ አቶ ብሥራት በኩራት። «እዚህ ሥርዓት አለ።»

ልጅቱ ተመልሳ ካርዱን ከአንገቷ አወለቀች። እምቢ ማለት ነበረብኝ። በስንት አገር ቋንቋ እምቢ ማለት አውቃለሁ! አንገቴን ዝቅ አድርጌ ሰጠኋት፤ አጠለቀችልኝ። ሄድሁ።

ስመለስ ካርዱን ላወልቅ እጄን ብሰድ አቶ ብሥራት ክንዴን ይዘው በቀጥታ ድምፅ ማጉያው ፊት አቆሙኝ። ጭብጨባው ደመቀ። እታፈራሁም ከመድረኩ ሥር እግሮቿን አቆላልፋ ታጨበጭባለች። ዓይኗ ደረቴ ላይ በሚወዛወዘው ቀይ ካርድ ላይ ነበር።

ጭብጨባው ሲበርድ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ጠየቀችኝ፦

«እማማ፣ ንግግርዎ ረጅም ነው?»